የጣሊያን ወይን ለሞቃት መሬት፦ የትኛውን ችግኝ እንግዛ?

ሞቃት ቦታ ላይ የጣሊያን ወይን ሊተክል የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ስሙን የሚያውቀውን ዝርያ ነው። ሳንጆቬዜ፣ ኔቢዮሎ፣ ፒኖ ግሪጆ። ጣሊያን ግን ከአልፕስ ተራራ ግርጌ እስከ ሲሲሊ ድረስ የተዘረጋ አገር ነው። የፒየሞንትን ጭጋግ የለመደ ወይንና የሲሲሊን ንዳድ የለመደ ወይን አንድ ቦታ ላይ እኩል አይሆኑም። መሬታችሁ ሞቃት ከሆነ እኔ የምመክረው ከሮም በታች ያለውን የጣሊያን ክፍል ቀድማችሁ እንድታዩ ነው። ምክንያቱን ከነማወዳደሪያው ላስረዳ።

ሙቀት የሚሰጠውና የሚወስደው

ሞቃት ቦታ ላይ ስኳር ችግር ሆኖ አያውቅም። ችግሩ አሲዱ ነው። የወይን ፍሬ ውስጥ ሁለት ዋና ዋና አሲዶች አሉ። ማሊክ የሚባለውን ፍሬው ራሱ ሲተነፍስ ስለሚጠቀምበት ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። ታርታሪክ የሚባለው ግን ይበልጥ ይጸናል። ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ጉዳቱ ይብሳል። በመጨረሻ የሚገኘው አልኮሉ የበዛ፣ አፍ ላይ ግን ሕይወት የሌለው ወይን ጠጅ ነው። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ ዝርያው ሲበስል ኮምጣጣነቱን ይዞ ይቆይ እንደሆነ ነው።

የቦታችሁን ሙቀት በቁጥር ማወቅ ትችላላችሁ። በካሊፎርኒያ የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪን እና ዊንክለር እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጡት ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ወይኑ በሚያድግባቸው ሰባት ወራት የእያንዳንዱን ቀን አማካይ ሙቀት ወስዳችሁ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ትቀንሳላችሁ። የቀረውን ትደምራላችሁ። ድምሩ ከ2,222 ካለፈ ቦታችሁ በአምስተኛውና በመጨረሻው፣ ማለትም እጅግ ሞቃት በሚባለው ምድብ ውስጥ ነው። ይህን ቁጥር ሳይዙ ችግኝ ማዘዝ በጨለማ መግዛት ነው።

ነጭ ወይን፦ ፊያኖ ወይስ ቬርሜንቲኖ?

ፊያኖ የደቡብ ጣሊያኗ የካምፓኒያ ልጅ ነው፤ አገሩ አቬሊኖ አካባቢ ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ነው። ሙቀት ውስጥ አሲዱን አጥብቆ ይይዛል። የደቡብ አውስትራሊያው ማክላረን ቬል በግልጽ አሳይቶታል፤ ሺራዝ የሚባለውን ቀይ ወይን በለመደ ሞቃት ሰፈር ፊያኖ ትኩስ ጣዕም ያለው ነጭ ወይን ጠጅ ይሰጣል። ጉድለቱ ምርቱ ነው። ዘለላው ትንሽ ስለሆነ በብዛት ለማምረት ለሚያስብ ሰው አያዋጣም።

ቬርሜንቲኖ በሰርዲኒያ፣ በሊጉሪያና በቶስካና ባሕር ዳርቻ ይበቅላል። ፕሮቫንስ ውስጥ ሮል ይሉታል። ዘለላው ትልቅ ነው፣ ድርቅና ንፋስ ይችላል። በቴክሳስ ከፍተኛ ሜዳዎችና በካሊፎርኒያው ሎዳይ ቦታ አግኝቷል። ቀኑን ጠብቃችሁ ቀደም ብላችሁ ከለቀማችሁት ጥሩ ነው። ካዘገያችሁት ጣዕሙ ይከብዳል። የለቃሚ እጥረት ያለበት ሰው ይህን ያስብበት።

ምርት ለሚፈልግ ቬርሜንቲኖ፣ ጥራት ለሚፈልግ ፊያኖ። እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ፊያኖን እወስዳለሁ፤ የለቀማው ቀን ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ ይታገሣል።

ፒኖ ግሪጆን ለሞቃት ቦታ አልመክርም። ቶሎ ይበስላል፣ አሲዱም ቶሎ ይወርዳል። ደግሞ በትውልዱ ከፈረንሳዩ ፒኖ ኗር የወጣ እንጂ የጣሊያን ዝርያ አይደለም።

ቀይ ወይን፦ የደቡቦቹ ፉክክር

ዋናው ምርጫ እዚህ ጋ ነው። ኔሮ ዳቮላ፣ አሊያኒኮና ሞንቴፑልቻኖ ሦስቱም ሙቀት ይችላሉ። የሚለያዩት በሚጠይቁት ጊዜ ነው።

ኔሮ ዳቮላ ስሙን ያገኘው በደቡብ ምሥራቅ ሲሲሊ ካለችው ከአቮላ ከተማ ነው። ለንዳድ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። አሲዱን ይይዛል፣ ታኒኑ፣ ማለትም ምላስ የሚሰበስበው ነገር፣ ለስላሳ ነው፣ ወይን ጠጁም ለዓመታት ሳይቀመጥ ይጠጣል። አምስተኛው ምድብ ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ ሊገዛው የሚገባው ይህ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ጭነት እንዳይበዛበት ነው። ግንዱ ላይ ብዙ ዘለላ ከተተወለት ጣዕሙ ይሳሳል።

አሊያኒኮ ሌላ ዓይነት ነው። ካምፓኒያና ባዚሊካታ ውስጥ ተራራ ላይ ይበቅላል። ታውራዚ የሚባለው ዝነኛ ወይን ጠጅ የሚሠራው ከእሱ ነው። በጣም ዘግይቶ ይበስላል፤ እዚያ ለቀማው ጥቅምትን አልፎ ኅዳር ሊገባ ይችላል። ይህ ለሞቃት ቦታ ጥቅም ነው፤ የመጨረሻው ብስለት ከዋናው ንዳድ በኋላ ይሆናል። አሲዱም ታኒኑም ከፍተኛ ነው። ወቅታችሁ አጭር ከሆነ ወይም በለቀማው ሰሞን ዝናብ የሚመጣ ከሆነ ግን አትድፈሩት። ሲለቀም ስኳሩን በመሣሪያ ለክቶ መተው አይበቃም። ፍሬዎች ከተለያየ ዘለላ ወስዳችሁ ቅመሱ፣ ዘሩን ትፉና እዩት። አረንጓዴ ከሆነና ሲታኘክ ምላስ ከሰበሰበ ገና ነው። ቡናማ ሆኖ እንደ ተቆላ እህል ካለ ደርሷል። አሊያኒኮን ቸኩሎ የለቀመ ሰው ወይን ጠጁን ለብዙ ዓመት ካላስቀመጠው አይጠጣውም።

ሞንቴፑልቻኖ የአብሩዞ ነው። ዘግይቶ ያቆጠቁጣል፣ ዘግይቶ ይበስላል። ቀኑ ሞቃት ሆኖ የጸደይ ውርጭ ለሚያሰጋው ቦታ የሚሻለው እሱ ነው። ቴክሳስ ውስጥ የተወደደውም በዚህ ነው። ልጣጩ ወፍራም፣ ቀለሙ ጥቁር፣ ምርቱ ደህና ነው። አሲዱ ግን ከአሊያኒኮ ያንሳል።

ውርጭ ካለ ሞንቴፑልቻኖ፤ ውርጭ ከሌለና ሙቀቱ ከባድ ከሆነ ኔሮ ዳቮላ፤ ረጅምና ደረቅ ወቅት ካላችሁ፣ ትዕግሥትም ካላችሁ አሊያኒኮ።

ስመ ጥሮቹስ?

ሳንጆቬዜ ኪያንቲና ብሩኔሎ የሚባሉት ዝነኛ የቶስካና ወይን ጠጆች የሚሠሩበት ዝርያ ነው፤ ክብሩን አልነፍገውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1990ዎቹ ከኔቢዮሎ ጋር ፋሽን ሆኖ በብዛት ተተከለ። ፍላጎቱ ግን አልዘለቀም። ሳንጆቬዜ ክሎኑን (በዝርያው ውስጥ ተመርጦ የተባዛውን ዓይነት)፣ ቦታውንና የጭነቱን መጠን በጣም የሚመርጥ ዝርያ ነው። ሞቃትና ለም መሬት ላይ ብዙ ውኃ ካገኘ ቀለሙ የሳሳ፣ አልኮሉ የበዛ ይሆናል። የሙቀት ድምራችሁ ከ1,944 በታች ከሆነና ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ሞክሩት።

ባርቤራ ከሰሜን ጣሊያን መጥቶ ሙቀት የሚችል ልዩ ዝርያ ነው። ከተፈጥሮው አሲዱ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ሙቀቱ አሲዱን ቢቀንስበትም የሚተርፍ ይኖረዋል። የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ አምራቾች ለቅልቅል በሰፊው የተከሉት ለዚህ ነበር። ዛሬ እዚያው ካሊፎርኒያ በአማዶር ኮረብታዎች ራሱን ችሎ ጥሩ ወይን ጠጅ ይወጣዋል። ከሳንጆቬዜና ከባርቤራ አንዱን ግዙ ብባል ሳላመነታ ባርቤራ እላለሁ።

ፕሪሚቲቮ ከካሊፎርኒያው ዚንፋንደል ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ በዲ ኤን ኤ ተረጋግጧል፤ ሥሩም ክሮኤሺያ ነው። ሙቀት ይወዳል። ግን አንድ ዘለላ ቀርባችሁ ብታዩ አረንጓዴ ፍሬ፣ የበሰለ ፍሬና ዘቢብ የሆነ ፍሬ ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ለቀማው መቼ ይሁን? አልኮሉ ሽቅብ የሚወጣው በዚያ ዘቢብ ነው። ልምድ ያለው እጅ ይጠይቃል።

ኔቢዮሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ መጨረሻ ላይ ይበስላል፤ የሚወደድበት መዓዛው ደግሞ በሙቀት ይጠፋል። ሞቃት ቆላ ላይ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ከመክፈላችሁ በፊት

ስም እንዳያሳስታችሁ። ሞንቴፑልቻኖ የወይን ዝርያ ነው፤ ሞንቴፑልቻኖ የምትባል የቶስካና ከተማም አለች። የከተማዋ ዝነኛ ወይን ጠጅ ቪኖ ኖቢሌ ግን በዋናነት የሚሠራው ከሳንጆቬዜ ነው። አርጀንቲና ውስጥ በሰፊው የሚመረተው ቦናርዳም የጣሊያኑ ቦናርዳ አይደለም፤ ዱስ ኗር የሚባል የሳቮይ ዝርያ ነው። የቀመሳችሁትን ወይን ጠጅ ስም ብቻ ይዛችሁ ችግኝ ካዘዛችሁ ሌላ ነገር ልትተክሉ ትችላላችሁ።

ሩትስቶኩን፣ ማለትም ዝርያው የሚዳቀልበትን ሥር፣ ከዝርያው እኩል አስቡበት። 1103 ፖልሰን እና 140 ሩጄሪ ሁለቱም ሲሲሊ ውስጥ የተገኙ፣ ድርቅና ኖራማ አፈር የሚችሉ ናቸው። ስስና ድንጋያማ መሬት ላይ 140 ሩጄሪ ጥሩ ነው። ለምና መስኖ ያለው መሬት ላይ ግን ተክሉን ቅጠል ብቻ ያደርገዋል፣ ብስለቱንም ያዘገየዋል። በተለይ አሊያኒኮን ከእሱ ጋር እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ አታጣምሩ።

ለችግኝ ሻጩ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦ ክሎኑ የትኛው ነው፣ ከቫይረስ ነጻ ስለመሆኑ የምስክር ወረቀት አለው ወይ፣ የተዳቀለው በየትኛው ሩትስቶክ ላይ ነው? ሦስቱንም በጽሑፍ ካልመለሰ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። መሬታችሁ ሰፊ ከሆነ ደግሞ በአንድ ዝርያ አትሙሉት፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ዝርያ ጥቂት ጥቂት ረድፍ ተክላችሁ የመጀመሪያዎቹን ለቀማዎች አሲድ በላቦራቶሪ አስለኩ፣ ቀሪውን ከዚያ በኋላ እዘዙ።