ፕሮሴኮ ወይስ ፍራንቻኮርታ? የቱን ልግዛ ለምትሉ

እኛ ዘንድ ቡሹ ጧ ብሎ ከወጣ ሁሉም ሻምፓኝ ነው። ሻምፓኝ ግን የፈረንሳይ አገር ቦታ ስም ነው፤ ጣሊያኖቹ የራሳቸው አረፋ ያለው ወይን አላቸው፣ ያውም ብዙ ዓይነት። ብዙ ሰው የሚያመነታው በሁለቱ መካከል ነው፦ በፕሮሴኮና በፍራንቻኮርታ። ሁለቱም አረፋ አላቸው፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

ልዩነቱ ያለው አረፋው የሚፈጠርበት ቦታ ላይ ነው። ፕሮሴኮ የሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ልጅ ነው፣ ከቬኔቶና ከፍሪዩሊ። ዋናው የወይን ዘር ግሌራ ይባላል። ወይኑ ለሁለተኛ ጊዜ የሚብላላው ትልቅ የታሸገ ታንከር ውስጥ ነው፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ የፍሬው ሽታ እንዳለ ይቀራል። ስትቀዱት አረንጓዴ ፖም፣ ፒር፣ ነጭ አበባ ይሸታል። ፍራንቻኮርታ ደግሞ ከሎምባርዲያ ነው፣ ከኢዜኦ ሐይቅ አጠገብ፣ በአብዛኛው ሻርዶኔና ፒኖ ኔሮ ከሚባሉ የወይን ዘሮች። እዚያ እያንዳንዱ ጠርሙስ ለብቻው ይብላላል፣ ከዚያም ከእርሾው ጋር ቢያንስ 18 ወር ይተኛል፣ ሪዜርቫ የሚል ከተጻፈበት ደግሞ 60 ወር። ያ እርሾ ነው ከምድጃ የወጣ ዳቦ የሚመስለውን ሽታና ደቃቁን አረፋ የሚሰጠው። ትርፍ የምትከፍሉት ለዚያ ሁሉ ወር ነው፣ ለእኔ ደግሞ ይገባዋል።

እንግዲህ ሃያ ሰው ጠርታችሁ ከሆነ ፕሮሴኮ ግዙ። ከአፔሮል (መረር የሚል የጣሊያን መጠጥ ነው) ወይም ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ልትቀላቅሉትም ከሆነ እንደዚያው፤ ፍራንቻኮርታን በጭማቂ መበረዝ ብክነት ነው። ለሁለት ሰው እራት፣ ዓሣ ወይም ፓርሜዛን አይብ ካለ፣ ፍራንቻኮርታ። የፕሮሴኮ ጠርሙስ ላይ ኮኔሊያኖ ቫልዶቢያዴኔ የሚል ካያችሁ ትንሽ ጨምራችሁ እሱን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ የመዘገባቸው ኮረብታዎች ስም ነው፣ ብዙው ቦታ ገደል ስለሆነ ወይኑ በእጅ ነው የሚለቀመው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። እኔም አንድ ጊዜ ጠርሙስ ላይ "ኤክስትራ ድራይ" (በጣም ደረቅ እንደማለት) የሚል አይቼ፣ ስሙ እንደሚለው ጭራሽ ስኳር የሌለው መስሎኝ ገዛሁ፣ ስቀምሰው ግን ጣፈጥ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ "ብሩት" በሊትር እስከ 12 ግራም ስኳር ይይዛል፣ "ኤክስትራ ድራይ" ከ12 እስከ 17፣ "ድራይ" ደግሞ ከ17 እስከ 32። ስለዚህ ስኳር የማትወዱ ብሩት ፈልጉ። በርበሬ ያለበት ወጥ ካለ ግን እኔ ኤክስትራ ድራይ ነው የማቀርበው፤ ትንሿ ጣፋጭነት ማቃጠሉን ታበርደዋለች።

ጠጅ የለመደ ምላስ ሁለቱንም ሊያኮመጥጥበት ይችላል። ለእሱ ከፒየሞንቴ የሚመጣውን ሞስካቶ ዳስቲ ውሰዱለት፣ ጣፋጭ ነው፣ አልኮሉም 5 በመቶ ገደማ ብቻ። የልደት ኬክም ላይ ይኼው ይሻላል። ከኬክ ጋር ብሩት ከጠጣችሁ ወይኑ አፋችሁ ላይ ሎሚ ይሆናል።

ማቀዝቀዝ አትርሱ፣ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ። የቸኮለ ሰው በረዶና ውሃ ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይንከረው፣ በረዶ ብቻውን ቶሎ አያቀዘቅዝም። ስትከፍቱ ሽቦውን ስድስት ጊዜ አዙራችሁ ፍቱ፣ አውራ ጣታችሁ ከቡሹ ላይ አይነሳ። ጠርሙሱን ወደ ሰው አታዙሩት። ከዚያ ቡሹን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ጠርሙሱን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፤ እስስ ብሎ ከወጣ በደንብ ከፍታችኋል፣ ወይኑም አልፈሰሰም። ብርጭቆው ከቀጭኑ ረጅም ይልቅ ሆዱ ሰፋ ያለ ይሁን፣ በተለይ ለፍራንቻኮርታ፤ ያ ሁሉ ሽታ መውጫ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ፕሮሴኮን ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት፣ ውበቱ ትኩስነቱ ነው። ካለፈው ሠርግ የተረፈ ካላችሁ ለዚህ ቅዳሜ አቀዝቅዙት።