የካፓሲተር ቻርጅ ማውጣት፦ በካቻቪቴ ወይስ በሬዚስተር?

የኤርኮንዲሽነሩ ብሬከር ስለጠፋ ብቻ ውስጡ ደህና ነው ማለት አይደለም። ኮምፕረሰሩንና ፋኑን የሚያግዘው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) መብራቱ ከተቋረጠም በኋላ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ብዙውን ጊዜ 370 ወይም 440 ቮልት ተጽፎበታል። በዚህ ቀልድ የለም።

ብዙዎች የሚያደርጉት እግሮቹን በካቻቪቴ ማገናኘት ነው። ፈጣን ነው፤ ሌላ ዕቃም አይጠይቅም። ግን ቻርጁ ባንዴ ነው የሚወጣው። ብልጭታው ዓይን ሊጎዳ፣ የካቻቪቴውን ጫፍ ሊያቀልጥ፣ ካፓሲተሩንም ሊያበላሽ ይችላል። እጀታው የተሰነጠቀ ከሆነማ አያድርስ!

እኔ የምመርጠው እግሮቹን በሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገድብ ዕቃ፣ ማገናኘት ነው። ቻርጁን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። 20 ሺህ ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ይበቃል። ለ45 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ እኔ ግን እስከ 10 እቆጥራለሁ። ሬዚስተሩን የምታገናኙባቸው ሽቦዎች በደንብ የተሸፈኑ ይሁኑ፤ ባዶውን ጫፍ በእጅ አትንኩ። ካፓሲተሩ ባለ ሦስት እግር ከሆነ፣ በጋራው እግርና በኮምፕረሰሩ እግር መካከል፣ ከዚያም በጋራውና በፋኑ እግር መካከል ለየብቻ አውጡ። ይቺ ብዙ ጊዜ ትረሳለች።

በመጨረሻ መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ዜሮ አካባቢ ካልደረሰ ድገሙት። ኤርኮንዲሽነሩ ኢንቨርተር (የኮምፕረሰሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚቆጣጠር ዓይነት) ከሆነ ግን ቦርዱ ላይ ያሉትን ትልልቅ ካፓሲተሮች ለባለሙያ ተዉ።