ስማቸውን ሳንጠራ የምናመሰግናቸው አምስት ሠራተኞች

ይህ ምስጋና ለአንዲት የሰው ኃይል ኃላፊ፣ ለአንድ የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ለእንግዳ ተቀባይዋ፣ በር ላይ ለሚቆሙት የጥበቃ ሠራተኛና ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነው። አምስቱም የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ናቸው። ስማቸውንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አንጽፍም፤ ብንጽፍ የደገፏቸው ሴቶች የት እንደሚገኙ ጠቆምን ማለት ነው። እኛ በቤታቸው ጥቃት ከደረሰባቸው ሰዎች ጋር የምንሠራ ነን። ቀጣሪ የሆናችሁ ሁሉ፣ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ካሏችሁ አክብራችሁ ያዟቸው፤ ከሌሏችሁ ከታች ያለውን ይዛችሁ አሠልጥኑ።

መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን ለምን እንደሚመለከተው። አንዲት ሴት ከሚደበድባት ሰው ሸሽታ ቤት ልትቀይር፣ ስልክ ቁጥር ልትቀይር ትችላለች። የምትሠራበት ቦታና የመግቢያ መውጫ ሰዓቷ ግን ያው ነው፤ ሰውየውም ያውቀዋል። አደጋው የሚብሰው ደግሞ ለመለየት ስትነሳና ከተለየች በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ነው። “ወጥታለች፣ ተገላገለች” ብሎ ጥበቃውን የሚያላላ ቀጣሪ በጣም በምትፈልገው ሰዓት ይተዋታል። (ጥቃት ወንዶችም ላይ ይደርሳል፤ አሠራሩ ለሁሉም አንድ ነው።)

የሰው ኃይል ኃላፊዋን የምናመሰግናቸው ከምንም በላይ ስለ አጠያየቃቸው ነው። በር ዘግተው፣ ሌላ ሰው ሳያስገቡ፣ ሠራተኛዋ ገና አፏን ሳትከፍት የምስጢሩን ወሰን ይነግሯታል፦ ማን እንደሚያውቅ፣ ማን እንደማያውቅ፣ የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ለማን ለመናገር እንደሚገደዱ። ከዚያ “ሰሞኑን ደህና አልመሰልሽኝም። ቤት ውስጥ የሚያስፈራሽ ነገር አለ? ዛሬ መናገር ባትፈልጊ ሌላ ቀን መምጣት ትችያለሽ” ይሏታል። “ለምን አትተዪውም?” አይሉም። ባልየውን ጠርተው ላስታርቅ አይሉም፣ ደውለውም አያጣሩም። አንድ ስልክ ሴትዮዋ መናገሯን ያሳብቃል፤ መዘዙም ማታ ቤት ስትገባ እሷው ላይ ይወርዳል።

የሚይዙት ማስታወሻ አጭር ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው ነገር በሠራተኛዋ በራሷ ቃል። ከግል ማህደሯ ተለይቶ ይቆለፍበታል። የማይዘሉት አንድ ጥያቄ አለ፦ “አንቆሽ ያውቃል?” ሰውየው አንቋት ከሆነ፣ መሣሪያ ካለው፣ እገድልሻለሁ ብሎ ከዛተ ወይም የምትሄድበትን የሚከታተል ከሆነ ጉዳዩ ከመሥሪያ ቤት አቅም በላይ ስለሆነ፣ እሷን አማክረው በዚያው ቀን ጥቃት የደረሰባቸውን ከሚረዳ ባለሙያ ጋር ያገናኟታል። የታነቀ ሰው አንገቱ ላይ ምልክት ባይታይም ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ ጉዳቱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛው ሥራ ከሩቅ አይታይም፤ ለእኛ ግን ከሁሉም ይልቃል። የደመወዝ ወረቀቷ ላይ “የቤት ውስጥ ጥቃት ፈቃድ፣ 6 ሰዓት” (ጥቃት የደረሰባት ሠራተኛ ጉዳይዋን ለመፈጸም ከሥራ የምትቀርበት) የሚል መስመር ወጥቶ፣ ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚከተል አስቡት። እሳቸው ሰዓቱን እንደ መደበኛ የሥራ ሰዓት ይመዘግቡታል፣ ክፍያው አይቀንስም፣ የፈቃዱ ስምም አይጻፍም። በአውስትራሊያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ፈቃድ በስሙ ደመወዝ ወረቀት ላይ ማስፈር በሕግ ተከልክሏል። ሌላም አለ። ባንኩን መቀየር ከፈለገች ደመወዟ መቼ ወደ አዲሱ ሂሳብ ይዙር የሚለውን እሷ ትወስናለች፤ ገንዘቡ በድንገት ከቀረ ሰውየው ያኔውኑ ይነቃልና። አንዳንዷ ትንሹን ክፍል ወደ አዲሱ፣ የቀረውን በቀድሞው ማድረግ ትመርጣለች። ፎርሟም ይታያል፦ “የአደጋ ጊዜ ተጠሪ” በሚለው ቦታ ብዙ ጊዜ የተጻፈው የአጥቂው የራሱ ስም ነው። እሷ ራሷን ስታ ብትወድቅ መሥሪያ ቤቱ የሚደውለው ለሱ ነው ማለት ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ ብዙ አገር መንገዱን ጀምሯል። የፊሊፒንስ የ2004 እ.ኤ.አ. ሕግ እስከ 10 ቀን ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጣል፤ ኒውዚላንድ ከኤፕሪል 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት 10 ቀን። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው 190ኛ ስምምነትም ቀጣሪዎች የቤት ውስጥ ጥቃትን በሥራ ቦታ አደጋነት እንዲያዩት በር ከፍቷል። በእኛ እይታ ከቀኑ ብዛት ይልቅ አወሳሰዱ ይበልጣል። ፍርድ ቤት ሁለት ሰዓት፣ ፖሊስ ጣቢያ አንድ ጠዋት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ማዛወር ግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ በሰዓት ተሸንሽኖ ይሰጥ። የፖሊስ ወረቀት ካላመጣሽ የሚል መሥሪያ ቤት ደግሞ ፈቃዱን በስም ብቻ ነው የያዘው፤ አብዛኞቹ ለፖሊስ ተናግረው አያውቁም።

እንግዳ ተቀባይዋ የሚሏትን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦ “የሠራተኛ መረጃ በስልክ አንሰጥም፤ መልእክት ካለዎት ልቀበል።” ለማንኛውም ደዋይ፣ ስለማንኛውም ሠራተኛ ይህንኑ ይላሉ። “ዛሬ አልመጣችም” ማለት ሌላ ቦታ ፈልጋት ነው፤ “አሁን ወጣች” ማለት ደግሞ መንገድ ላይ ጠብቃት። አበባም ሆነ እቃ በስሟ ሲመጣ ጠረጴዛዋ ጋ አይላክም። የጥበቃ ሠራተኛው በእሷ ፈቃድ የሰውየውን ፎቶና የመኪናውን ሰሌዳ ያውቃሉ፤ የእገዳ ትእዛዝ (ሰውየው እንዳይቀርባት ፍርድ ቤት የሚሰጠው) ካለም ቅጂው እጃቸው ላይ አለ። የመውጫ ሰዓቷን በሃያ ሠላሳ ደቂቃ ያለዋውጣሉ፣ በሌላ በር ያሳልፏታል፣ መኪና እስክትገባ ይሸኟታል። ጠረጴዛዋም ከመስኮትና ከመግቢያው ርቋል።

በስልክና በኮምፒውተር በኩል ብዙ ቀጣሪ የሚሳሳተው በችኮላ ነው። የሚከታተላት አፕ ስልኳ ላይ ከተገኘ ወዲያው አይጠፋም፤ ሲጠፋ ሰውየው ያውቃል፣ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። የይለፍ ቃል የሚቀየረው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ነው፣ ምክር የሚጠየቀውም በመሥሪያ ቤቱ ስልክ።

“ከቤትሽ ሆነሽ ሥሪ” የሚለውን ቸርነትም ተጠንቀቁት። ለአንዳንዷ መሥሪያ ቤቱ በቀን ውስጥ ስምንት ሰዓት የምትተነፍስበት ብቸኛ ቦታ ነው። መዘግየቷን ስትቆጥሩባትም ቁልፉን ማን እንደደበቀው፣ ሌሊቱን ማን እንዳላስተኛት ጠይቁ። አጥቂው የእናንተው ሠራተኛ ከሆነ ፈረቃና ቦታ የሚቀየረው እሱ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ወይም መኪና ቢያስፈራራት የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው።

ኃላፊዋ ለእያንዳንዷ አንድ የሚቆለፍ መሳቢያ ይሰጣሉ። የመታወቂያና የልጆች የልደት ወረቀት ቅጂ፣ ትርፍ ቁልፍ፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ እዚያ ይቀመጣል። ቤት ያለ ሻንጣ ይገኛል፣ መሳቢያው ግን አይገኝም።

የእርዳታ መስመሩ ቁጥር የተለጠፈው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን መጸዳጃ ቤት በር ጀርባ፣ ማንም ሳያይ ሊነበብ በሚችልበት ነው። ከሥሩ እየተቀደደ የሚወሰድ ጣት የምታህል ቁራጭ አለ፤ ቁጥሩ ብቻ እንጂ ርዕስ የለውም። ቁራጩ ሲያልቅ አዲስ የሚለጥፉት የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። ስንት እንደተቀደደ ያያሉ፣ ለማንም አይናገሩም። እጃቸው ይባረክ።