ለ«ስኳሯ ሲስተር» ምስጋና፣ ደሴና አካባቢዋ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ደሴ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ሁሉ ይህን ያንብብልኝ። እናቴን ከዓመታት መንገላታት ያሳረፈቻት በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈቀደች አልጽፈውም። ታካሚዎቿ ግን «የስኳሯ ሲስተር» ይሏታል፤ እዚያ ክትትል ያለው ሰው ሁሉ በዚህ ስም ያውቃታል። አዲስ መድኃኒት አላመጣችልንም። የሰጠችን ትምህርት ነው፤ ትምህርትም ራሱን የቻለ ሕክምና መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ።

እናቴ ስኳር ከተገኘባት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። መጀመሪያ ሜትፎርሚን ጀመረች፣ ቀጥሎ ግሊቤንክላማይድ ተጨመረላት፣ ኪኒኑ አልበቃ ሲል ደግሞ ጠዋትና ማታ የምትወጋው ኢንሱሊን ታዘዘላት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለቤታችን ፈተና ነበር። ጠዋት በባዶ ሆዷ ስትለካ አንድ ቀን 290 ይሆናል፣ በማግስቱ 65። አንዱን ሌሊት ላብ አጥምቋት እየተንቀጠቀጠች ትነሳለች፤ ሌላውን ሌሊት ሽንት ሲያመላልሳት ያድራል። ቀድሞ ትከታተልበት በነበረው ቦታ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር የኢንሱሊኑ መጠን ይጨመርላታል፤ «ጣፋጭ አይብሉ፣ እንጀራ ይቀንሱ» ተብላ ትሸኛለች። እንዴት እንደምትወጋ የጠየቃት፣ የምትወጋበትን ቦታ ገልጦ ያየላት ሰው አልነበረም።

ሲስተሯ ካርዱን ገና ሳታነብ ብልቃጡንና መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «እማማ፣ እስቲ ቤትዎ እንደሚያደርጉት አድርገው ያሳዩኝ» አለቻት። እናቴ ብልቃጡን ገልብጣ መቅዳት ጀመረች፤ ከዚያ ልብሷን ገልጣ እጇን ከእምብርቷ በስተቀኝ ወዳለው ቦታ ወሰደች። ሲስተሯ እዚያ ላይ አስቆመቻትና ቦታውን በጣቶቿ ጫፍ ዳበሰችው። ቀጥላ የእኔን እጅ ይዛ አስዳበሰችኝ። ከቆዳው ሥር የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ጠጠር ያለ እብጠት አለ። በግራ በኩልም ሌላ አለ። በዓይን ሲታይ ምንም አያስታውቅም፤ የሚገኘው በመዳበስ ነው።

ያስረዳችን ይህንን ነው። ኢንሱሊን አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ያፋፋዋል። ያ ቦታ እየደነዘዘ ስለሚሄድ መርፌው አያምም፤ ስለማያምም ሰው ያንኑ ይመርጣል። ከእብጠቱ ውስጥ ግን መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው በወጉ አይደለም። አንድ ቀን አብዛኛው እዚያው ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ሳይታሰብ ይለቀቃል። እኛን ያሰቃየን የ290 እና የ65 መወዛወዝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ሌላው ደግሞ ብልቃጡ ነው። እናቴ የምትወጋው ኢንሱሊን ነጣ ብሎ ወተት የሚመስለው ዓይነት ሲሆን፣ ሲቀመጥ መድኃኒቱ ይዘቅጣል። ሳይቀላቀል ከተቀዳ አንድ ቀን ቀጭኑ ይወጣል፣ ሌላ ቀን ወፍራሙ። ስለዚህ ከመቅዳት በፊት ብልቃጡን በሁለት መዳፍ መካከል ከ10 እስከ 20 ጊዜ ቀስ ብሎ ማንከባለል ያስፈልጋል። መናጥ ግን ክልክል ነው።

በጣም ያከበርኳት ግን ከዚህ በኋላ ባደረገችው ነው። እናቴ ከእብጠቱ ወጥታ ጤነኛ ቆዳ ላይ መውጋት ስትጀምር መድኃኒቱ በሙሉ አቅሙ ስለሚሠራ ስኳሯ በአንድ ጊዜ ሊወርድ ይችላል። ይህን አስቀድማ አውቃ ያኔውኑ ወደ ሐኪሙ ይዛት ገባች፤ መጠኑ ተቀነሰላት። ለዓመታት ሲጨመር የኖረ መድኃኒት ሲቀነስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ የሆዷን ቆዳ በእስክሪብቶ በአራት ከፈለችው። ለአንዱ ሩብ አንድ ሳምንት፣ በየመርፌው አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ማለት፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ሩብ መዞር።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ለዚህም ሲስተሯ መላ ነበራት። ፀሐይና ጨረቃ የተሣለበት ወረቀት ሰጠቻት፤ የጠዋቱ ቁጥር ከፀሐይዋ ሥር፣ የማታው ከጨረቃዋ ሥር ይሰፍራል። የምትጽፍላት የልጅ ልጇ ናት። የመመርመሪያው ወረቀት ውድ ስለሆነ በየቀኑ መለካት አንችልም። ሲስተሯም በየቀኑ ለኩ አላለችንም። አንድ ቀን ከቁርስ በፊት፣ ሌላ ቀን ከእራት በፊት፣ ሌላ ቀን ምግብ ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ እየለካን ብናሰባጥር ጥቂቷ መመርመሪያ ብዙ እንደምትናገር አሳየችን። ለእናቴ ሐኪሙ ያስቀመጠላት ግብ በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው።

ሰው «የሦስት ወር ስኳር» የሚለው ምርመራ (የሦስት ወር ገደማውን አማካይ ስኳር በመቶኛ የሚያሳየው፣ HbA1c) ስትጀምር 11 ነበር። ተከታዩ 8.6 ሆነ። ግቡ 7 መሆኑን ስለማውቅ ቅር ሲለኝ ሲስተሯ አይታ አስቀመጠችኝና አስረዳችኝ። በእንግሊዝ አገር ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውን ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። በዚያ ጥናት ይህ ቁጥር በአንድ በወረደ ቁጥር እንደ ዓይንና ኩላሊት ባሉ የአካል ክፍሎች ትንንሽ የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት 37 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። «እማማ ከሁለት በላይ ወርደዋል፤ ይህ እኮ ዓይናቸው ነው፣ ኩላሊታቸው ነው» አለችኝ። ዛሬ እናቴ 7.4 ላይ ናት። ሌሊት ላብ አጥምቋት የተነሳችበትን ጊዜ አላስታውስም።

ይህ ለእኛ ብቻ የተደረገ አይደለም። ሲስተሯ ጠዋት ጠዋት ተራ የሚጠብቀውን ሰው በመተላለፊያው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ ታስተምራለች። እንጀራ ተዉ አትልም። «ትናንት ምን በሉ?» ብላ ትጀምራለች። የገብስ ቂጣ ስኳር የለውም ብሎ ሙሉ ቂጣ የሚበላ ሰው ሞልቷል፤ ጤፍም፣ ገብስም፣ አጃም ሆድ ውስጥ ገብቶ ስኳር ይሆናል፣ ወሳኙ መጠኑ ነው ትላለች። ከሰሃኑ ግማሹ ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ሰላጣ፤ ሩቡ እንጀራ፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ። ይህን ምክር ብዙ ቦታ ትሰሙታላችሁ። እኛ ግን የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ማን ስንት እንደበላ በምን ይታወቃል? እሷ ይህን ታውቃለች። የሕመምተኛው ድርሻ አስቀድሞ ተቆርጦ ከፊቱ ይቀመጥ፣ ጉርሻም ይቆጠር ትላለች። ቡናውን ደግሞ በሒሳብ አሳየችን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በቀን ሁለቴ ከተፈላ ስድስት ሲኒ ነው፤ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲገባ አሥራ ሁለት ማንኪያ። አግዳሚው ላይ የነበሩ እናቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

የደሴን ሰው አኗኗር ማወቋ በጾም ወቅት ይበልጥ ይታያል። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ስለ ጾም ማስተማር ትጀምራለች፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር መጾም የለበትም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማፍጠሪያ ምግብ ሳይቀመስ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ቀድሞ መስተካከል አለበት። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ጾሙ እዚያው ይፈታል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው እንደሚያዝኑ እያስታወሰች፣ የከበደውን ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ ሼኩ ትልከዋለች። ጸበል ለሚሄዱትም ቃሏ አጭር ነው፦ «መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ።»

ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ከሕመምተኛው ይልቅ ለቤተሰቡ ታስተምራለች፤ ያን ሰዓት ሕመምተኛው ማሰብ ይሳነዋልና። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት፣ ካልተነሳ መድገም፣ ሲነሳ ምግብ ማብላት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

ስለ እግር የምታስተምረውን ለብቻው ልጻፈው፤ ከተማችን ብርድ ናት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲበረታ እናቶቻችን እግራቸውን ወደ ከሰሉ ምድጃ ዘርግተው ይሞቃሉ። ስኳር የቆየበት እግር ደግሞ ስሜቱ ስለሚቀንስ ሲቃጠል አያውቅም። ሲስተሯ በክትትል ቀን ጫማና ካልሲ ታስወልቃለች። በጣቶች መካከል ታያለች፤ ጎንበስ ማለት ለማይችሉት ደግሞ ውስጥ እግራቸውን በመስተዋት እንዲያዩ ታሳያለች። እግር በካልሲ እንጂ በእሳት አይሞቅም። ውኃው መሞቁ በክርን ይሞከራል። ጫማ ከመልበስ በፊት እጅን ከቶ ጠጠር ወይም ሚስማር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። የጠነከረ ቆዳ በምላጭ አይነካም። እናቴ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አባት ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ተረከዛቸው ላይ ቁስል ተገኘ። እሳቸው አላወቁትም፤ አላመማቸውም ነበር። ያኔውኑ ታጠበላቸው፣ መድኃኒት ታዘዘላቸው። በኋላ ቁስሉ ድኖ በሁለት እግራቸው ሲሄዱ አግኝቻቸዋለሁ። ያ ጠዋት ባይኖር ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እግሩ የተቆረጠበት ዘመድ ያለው ሰው ይረዳኛል።

ለጤና ኃላፊዎች አንድ ነገር ልበል። ይህች ሴት የምታስተምረው በመተላለፊያ ላይ ቆማ፣ የሥዕሉን ወረቀት በገዛ ገንዘቧ እያባዛች ነው። አንድ ክፍል፣ በቂ መመርመሪያ እና አብራት የምትሠራ ሁለተኛ ነርስ ይገባታል። በየጤና ጣቢያው ኢንሱሊን የሚጽፍ ሐኪም እንዳለ ሁሉ፣ ኢንሱሊኑ እንዴት እንደሚወጋ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ይመደብ።

ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ጠዋት ከተራ በፊት ድረሱ፤ ትምህርቱ ያኔ ነው። የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ ብልቃጡንና መርፌውን፣ መለኪያ ካላችሁም መለኪያውን ያዙ። ቤት ውስጥ ምግብ የሚሠራውንም ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ አብዛኛው ነገር የሚመለከተው እሱን ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ በምትከታተሉበት ቦታ «እንዴት እንደምወጋ እዩልኝ፣ የምወጋበትንም ቦታ ዳብሱልኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ሲስተር፣ ከእናቴና ከመላው ቤተሰባችን እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።