እዚሁ ባሕር ዳር የተበየደ ፖርቶ መጋላ ስትገዙ፦ ቱቦላሬ፣ የውሃ ቧንቧ ወይስ አሉሚኒየም?

ሻጩ መጀመሪያ የሚላችሁ ነገር ይታወቃል፦ «ወፍራም ብረት ነው፣ እድሜ ልክ ነው»። ጣሪያው ግን የሚሸከመው ጭነቱን ብቻ አይደለም፣ ፖርቶ መጋላውን፣ ማለትም የዕቃ መጫኛውን ብረትም ጭምር ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ጣሪያው 100 ኪሎ ይችላል ተብሎ ከተጻፈ፣ 100 ኪሎው ሁለቱን ይጨምራል። መመሪያው የሚናገረው ደግሞ ስለ ደህና መንገድ ነው። ኮረኮንች ላይ ሲሶውን መቀነስ ይበጃል፤ ስለዚህ በእጃችሁ የሚቀረው 66 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ጣሪያ ላይ የሚያወጣ ሰው ፖርቶ መጋላው ገና ሳይቆጠር ልኩን አልፏል ማለት ነው።

በዚህ ሂሳብ እንያቸው። 2 ሜትር በ1.20 የሆነ፣ ዙሪያው 15 ሳንቲም አጥር ያለው ፖርቶ መጋላ 21 ሜትር ያህል ብረት ይበላል፤ ባለ 6 ሜትሩ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ 4 ይገዛለታል። ስድስት እግርና ወለሉ ላይ የሚነጠፍ ወንፊት ሽቦ ሌላ 8 ኪሎ ይጨምራሉ።

25 በ25፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 1.1 ኪሎ ነው፤ ተሠርቶ ሲያልቅ 31 ኪሎ ይመዝናል። ለጭነት 35 ኪሎ ይተርፋል፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ናፍጣ ማለት ነው።

30 በ30፣ 2 ሚሊ ቱቦላሬ፣ ያው «እድሜ ልክ» የሚባለው፣ 44 ኪሎ ይመጣል። የሚተርፈው 22 ኪሎ ነው፤ አንድ ጄሪካን።

ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ይህም አንድ ጄሪካን ነው።

40 በ20፣ 2 ሚሊ አሉሚኒየም ከብረት እግሩና ከወንፊቱ ጋር 21 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ጄሪካን ጭናችሁ ለድንኳንና ለሸራ 10 ኪሎ ገደማ ይቀራል።

ሚዛኑን ብቻ ለሚያይ አሉሚኒየም አሸነፈ። ነገር ግን አሉሚኒየም በዚያው ጭነት ከብረት በሦስት እጥፍ ይጎብጣል፤ ለዚህ ነው ቁመቱ 40 ሚሊ የሆነውን ማቆም ያስፈለገው። ሁለተኛው ችግር ብየዳው ነው። በተለመደው ኤሌክትሮድ ስስ አሉሚኒየም በወጉ አይያዝም፤ አርጎን ጋዝ ያለው ማሽን ይፈልጋል። ተበይዶም ቢሆን እሳት የነካው ቦታ ይለሰልሳል፣ ስንጥቁም ከብየዳው ጎን ይጀምራል። ስለዚህ የሚገዛው አሉሚኒየም ማዕዘኖቹ በጠፍጣፋ ተደርበው በ8 ሚሊ ብሎን የታሰሩ መሆን አለበት። አሉሚኒየሙ ከብረት እግሩ ጋር በቀጥታ ከተነካካ ውሃ ባገኘ ቁጥር ይበላል፣ በመካከል ጎማ ወይም ፕላስቲክ ይግባ።

የውሃ ቧንቧው «አይዝግም» እየተባለ ነው የሚሸጠው። ዚንኩ ሳይነካ እስካለ ድረስ እውነት ነው። በያጁ ሲበይደው ግን ዚንኩ ተቃጥሎ በነጭ ጭስ ይወጣል፣ መጋጠሚያው ራቁቱን ይቀራል። ጭሱ ራሱ በያጁን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ትክክለኛው አሠራር ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ 2 ወይም 3 ሳንቲም ዚንኩን በግራይንደር አንስቶ መበየድና በኋላ በዚንክ ቀለም መሸፈን ነው። አብዛኛው ላይ የሚታየው ግን የብር ቀለም ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት ቡናማ መስመር ከየመጋጠሚያው ይወርዳል። ጣና ጨው የለውም፣ እንደ ባሕር ጠረፍ ዝገት አያጣድፍም። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ግን ለብቻው ይበቃል።

ቱቦላሬም ከውስጥ ይዝጋል። ከታች በኩል 5 ሚሊ ቀዳዳ ከሌለው የገባው ውሃ መውጫ የለውም፤ ውጭው አዲስ መስሎ ውስጡ ያልቃል። ጫፎቹ ያልተደፈኑ ከሆነ ደግሞ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያፏጫሉ፣ ጎንደር እስኪደርሱ ጆሮ ያደክማል።

እግሩ

ፖርቶ መጋላ የሚያበላሸው ጣሪያውን እንጂ ራሱን አይደለም፣ የሚያበላሸውም በእግሩ በኩል ነው። ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ጣሪያው ዳርና ዳር ላይ አሸንዳ አለው፤ እግሩ እዚያ ላይ ቆሞ ከሥር በብሎንና በዳዶ ይጨመቃል። አራት እግር ያለውን አትግዙ። ያው ጭነት በአራት ሲከፈልና በስድስት ሲከፈል እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚያርፈው አንድ ዓይነት አይደለም፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። አሸንዳው ከጣሪያው የሚገናኝበት ስፌት ይሰነጠቅና ዝናብ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱ የመስኮት ጎማ ሲቀይር ይከርማል።

እግሩ አሸንዳው ላይ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቢያንስ 8 ሳንቲም ይርዘም፣ ከሥሩ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ንጣፍ ይግባ። ብረት በብረት ላይ ካረፈ ቀለሙን ልጦ ዝገት ያስጀምራል።

ሂሉክስ ቪጎና ሬቮን የመሳሰሉ ደብል ጋቢናዎች ግን አሸንዳ የላቸውም። ለሃርድቶፕ የተሠራውን «ትንሽ እናስተካክለዋለን» የሚላችሁን አትስሙ፤ ማስተካከያው የበሩን ክፈፍ መጨበጥ ወይም ጣሪያውን መብሳት ነው። ለደብል ጋቢና የተሻለው ብረቱን ከኋላ የጭነት ሳጥኑ ላይ ማቆም ነው፣ ክብደቱም ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ የአባይ በረሃ ጥምዝምዝ ላይም መኪናው አይወዛወዝም። የጀልባ ሞተር የምታመላልሱ በተለይ እንዲህ አድርጉ፤ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ብቻውን ከ35 እስከ 40 ኪሎ ነው።

የተሠራበትን ሲመረምሩ

ያገለገለ ከሆነ መጀመሪያ ሊሾ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት። ሦስት ማዕዘን ነክቶ አራተኛው ከተነሳ በብየዳ ሙቀት ተጣሟል ማለት ነው፤ መኪናው ላይ በግድ ሲታሰር አንዱን አሸንዳ ወደ ላይ ይስበዋል። ከዚያ በሜትር ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ5 ሚሊ አይብለጥ።

ቀጥሎ ማግኔት። ቱቦላሬው ላይ በየቦታው ጥብቅ ብሎ ሲይዝ መጋጠሚያው ላይ ከላላ ወይም ከወደቀ፣ ከቀለሙ ሥር ያለው ብየዳ ሳይሆን ስቱኮ ነው። 1.5 ሚሊ ብረት በብዙ አምፔር ሲበየድ ይበሳል፣ ቀዳዳውንም በስቱኮ መድፈን ቀላል ነው። 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 80 አምፔር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ብዙም አይገጥመውም። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ መጋጠሚያውን ቧጠጥ አድርጉ፤ ሻጩ ከተቆጣ ራሱ መልስ ነው።

ለሌላ መኪና የተሠራ ከሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ ጣሪያው ላይ አጋድሙና ከጣውላው እስከ አሸንዳው ያለውን ለኩ። የእግሩ ቁመት ከዚያ በ4 ሳንቲም መብለጥ አለበት፣ ያለበለዚያ መሃሉ ጣሪያውን ይደበድባል። ወደ ዘጌ ጫካ የምትመላለሱ ደግሞ የፊት አጥሩ ወደ ኋላ ያጋደለ ይሁን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ አጥር ቅርንጫፍ ይጠልፋል።

ዋጋውን በሂሳብ ተነጋገሩ። የ4 ቱቦላሬ የዕለቱን ዋጋ፣ ፀረ ዝገትና ላይኛው ቀለም አንድ አንድ ሊትር፣ ጎማና ብሎን ደምሩ፤ የበያጅ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ጉልበት ጨምሩ። ያገለገለው ከዚህ ድምር ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከተጠየቀበት አዲስ ማስበየድ ይሻላል፤ ቢያንስ በራሳችሁ ጣሪያ ልክ ይሆናል።

እንግዲህ ለሃርድቶፕ 25 በ25 ቱቦላሬ በስድስት እግር ያለ ጥርጥር ይመረጣል። አሉሚኒየም ረጅም ጉዞ ለሚሄድና በብሎን የታሰረ ለሚያገኝ ነው። ቧንቧው መጋጠሚያው በዚንክ ቀለም መሸፈኑን ካላያችሁ ይቅርባችሁ።

ከተገጠመ በኋላ ጭነት ሳታወጡ እስከ ጢስ አባይ ደርሳችሁ ተመለሱና ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። ከእግሩ ሥር ያለው ጎማ በዚያ መንገድ ላይ ተጨፍልቆ ስለሚተኛ፣ ጠዋት የጠበቀው ዳዶ ማታ በጣት ይዞራል።