ኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራ ወይስ ሎንጎኖት? ከደሴና ከኮምቦልቻ በቁጠባ ለሚነሳ ተጓዥ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የሥራ ባልደረቦቼ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው፦ "ዘንድሮ ከአገር ወጥቼ ተራራ ልውጣ ብዬ ነበር፣ የቱ ይሻለኛል?" ብዙዎቹ ልባቸው ያለው የታንዛኒያው ኪሊማንጃሮ ላይ ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርሳ አዝሎ ለሚወጣና ብሩን ቆጥሮ ለሚያወጣ ሰው የምመክረው የኬንያን ተራራ ነው። የእግር ጉዞ ለምዶ የማያውቅ ካለ ደግሞ ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ አጠገብ ባለው ዝቅ ያለ የእሳተ ገሞራ ተራራ፣ በሎንጎኖት ይጀምር። ኪሊማንጃሮ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጉዞ ይቆይ እላለሁ።

ከገንዘቡ ልነሳ። ኪሊማንጃሮን የሚያስወድደው ፓርኩ በየቀኑ የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ዜጋ ያልሆነ አዋቂ ለአንድ ቀን 70 ዶላር፣ ወደ ጫፉ ከሚያወጡት መንገዶች አንዱ በሆነው በማራንጉ መንገድ ጎጆ ውስጥ ለሚያድርበት ሌሊት 60 ዶላር፣ ለነፍስ አድን ቡድኑ ደግሞ ለጉዞው 20 ዶላር ይከፍላል። በዚህ ሁሉ ላይ 18 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል ስላልሆነች እኛም የምንከፍለው እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ነው። 6 ቀንና 5 ሌሊት ብታስቡ 420፣ 300 እና 20 ተደምሮ 740 ዶላር ይመጣል፤ ታክሱ ሲገባ 873 ይሆናል። አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ተሸካሚዎቹ፣ ምግቡና ጉርሻው ገና አልተነኩም። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሳይዙ መውጣት ክልክል ስለሆነ "እነዚህን እተዋቸዋለሁ" ማለት አይቻልም። እንግዲህ አንድ ድርጅት "ሁሉንም ችዬ በ900 ዶላር አወጣችኋለሁ" ካላችሁ፣ የፓርኩን ክፍያ ቀንሱና የቀረውን ተመልከቱ። ያ ዋጋ የሚሞላው ከተሸካሚው ደሞዝ ተቆርጦ ወይም የጉዞው ቀን አጥሮ ነው። ቀን ማሳጠር ምን እንደሚያስከትል ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የኬንያ ተራራም የፓርክ ክፍያ፣ የአስጎብኚና የማደሪያ ወጪ አለው። ልዩነቱ በ4 ወይም በ5 ቀን ወጥታችሁ ስለምትወርዱ የቀን ክፍያው አይደራረብም። ታሪፉ በየጊዜው ይሻሻላልና ከመነሳታችሁ በፊት የዘንድሮውን አረጋግጡ። ሎንጎኖት ከሁሉም ይረክሳል፤ ጠዋት ገብታችሁ ከሰዓት ትወጣላችሁ፣ ከፍተኛው ወጪ የመግቢያው ብቻ ነው።

መንገዱን ብዙ ሰው አያስበውም እንጂ ለእኔ ምርጫውን ግማሽ በግማሽ የጨረሰው እሱ ነው። በየብስ የሚሄድ ሰው ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ወደ ሞያሌ ይቀጥላል። ከሞያሌ በማርሳቢት አድርጎ ኢሲዮሎ የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት ነው። ናንዩኪ ደግሞ የኬንያ ተራራ መነሻ ከተማ ናት፤ ከኢሲዮሎ ቀጥላ ትገኛለች፣ ናይሮቢ ገና 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ናይሮቢ ሳትገቡ፣ የከተማ ሆቴል ሳትከፍሉ ተራራው ሥር ትደርሳላችሁ ማለት ነው። ለኪሊማንጃሮ ግን ናይሮቢን አልፋችሁ፣ ናማንጋ ላይ ሌላ ድንበር ተሻግራችሁ፣ በአሩሻ በኩል ሞሺ መግባት አለባችሁ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም፤ ታንዛኒያ ትጠይቃለች። የመንገዱን ጸጥታ ከመነሳታችሁ በፊት ከሾፌሮች ጠይቁ። ካልጣማችሁ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ መብረር ይሻላል፤ ይወደዳል፣ ግን በሰላም መድረስ ይቀድማል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ለሁለቱም አገር ያዙ። ካርዱ የሚሠራው ክትባቱን ከወሰዳችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። እኔ የማውቀው ልጅ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ተከትቦ ትኬቱን ለማስቀየር ተገዷል።

አሁን ወደ ከፍታው። "እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ምን እንሆናለን" የሚለውን ነገር ተጠንቀቁበት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ያ ይጠቅማል፣ ከቆላ ከመጣ ሰው የተሻለ ትጀምራላችሁ። ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ግን ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ሀረጎን ወጥቶ ደሴ ሲገባ ጆሮው ድፍን ሲል ልዩነቱን ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚመከረው የማደሪያን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። በማራንጉ መንገድ ያሉት ጎጆዎች 2,720፣ 3,720 እና 4,720 ሜትር ላይ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቀን 1,000 ሜትር መዝለል ነው። ጫፉ 5,895 ሜትር ሲሆን እዚያ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ጎጆ ሆሮምቦ ላይ አንድ ቀን ጨምራችሁ ካላደራችሁ ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ከመጨረሻው ጎጆ ከኪቦ የምትመለሱበት ዕድል ሰፊ ነው። ቀን ያሳጠረ ርካሽ ጉዞ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

የኬንያ ተራራም ችግር የለውም አልልም። በሲሪሞን መንገድ ከበሩ 2,650 ሜትር ተነስታችሁ ኦልድ ሞሰስ 3,300 ሜትር ላይ ታድራላችሁ፤ በማግስቱ ሺፕተን ካምፕ 4,200 ሜትር ነው። እኔ ሺፕተን የደረስኩ ቀን ማታ ሩዙን ሁለት ማንኪያ ቀምሼ አስቀመጥኩት፤ ራሴ ከፊት ለፊት እንደ ብረት ከብዶኝ ነበር። አስጎብኚያችን ዐይኔን አይቶ "ነገ አትወጣም፣ እዚሁ ዋልና ከነገ ወዲያ እንሞክር" አለኝ። ያቺ አንድ ተጨማሪ ቀን አዳነችኝ። በሦስተኛው ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስተን፣ የፕላስቲክ ውሃዬ አፉ በረዶ ሠርቶ፣ ፀሐይ ስትወጣ ሌናና ጫፍ 4,985 ሜትር ላይ ቆምን። የተራራው ዋና ጫፍ ባቲያን 5,199 ሜትር ነው፤ እሱ ግን በገመድ የሚወጣ ዐለት ስለሆነ የእኛ ዓይነት እግረኛ መድረሻው ሌናና ነው። ሌናና ከኪሊማንጃሮ ጫፍ 910 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ለጀማሪ ሳንባ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የሎንጎኖት ጫፍ 2,776 ሜትር ብቻ ነው፤ ደሴ ያለው ጦሳ ተራራ ላይ ለሚመላለስ ሰው ትንፋሽ አያሳጥርም። የእሳተ ገሞራውን አፍ ከበው የሚዞሩበት መንገድ ግን አቧራማና ገደላማ ነው፤ ውሃ ተሸክማችሁ ግቡ። ናይቫሻ ላይ አንድ ሌሊት አድራችሁ በማግስቱ ሄልስ ጌት ፓርክ ብስክሌት መከራየት ትችላላችሁ፤ መኪና ሳትይዙ በሜዳ አህያ አጠገብ ማለፍ የሚፈቀድበት ቦታ ነው። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ከሦስቱ የምመርጠው ይኼን ነው።

ጊዜው ለእኛ ይመቻል። ደሴ ዝናብና ጉም ሲውጣት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሁለቱ ትላልቅ ተራሮች ደረቅ ወቅታቸው ነው። ለመምህርና ለተማሪ ዕረፍቱ ከወቅቱ ጋር ይገጥማል። ክረምት ካመለጣችሁ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ሌላ ጥሩ ጊዜ አለ።

ዕቃውን በሁለት ክፈሉት፦ የሚገዛና የሚከራይ። የመኝታ ከረጢት፣ የመራመጃ ዱላና ወፍራም ጃኬት በናንዩኪም በሞሺም ይከራያል፤ ለአንድ ጉዞ ብላችሁ ብዙ ብር አታውጡበት። ስትከራዩ ከረጢቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚችል መሆኑን ጠይቁ፣ ዚፑን እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ውስጡን አሽትቱት። ከሰው ሠራሽ ፋይበር የተሠራውን ምረጡ፤ የላባው ቀላልና ሞቃት ቢሆንም ከረጠበ ሙቀቱ ይሄዳል። ጋቢ ይዤ ልሂድ ያለኝ ሰው ነበር። ጋቢ ቤት ውስጥ እንደ እናት ያቅፋል፤ ተራራ ላይ ግን ጥጥ ስለሆነ ላብና ጤዛ ጠጥቶ አይደርቅም። ባና የበግ ፀጉር ስለሆነ ቢርስም ይሞቃል፤ ክብደቱ ግን ጀርባችሁን ይሰብራል። ጂንስ ሱሪም ተዉት።

ከሰልባጅ ተራ የሚገኝ ነገር አለ። እኔ የውስጥ ሱፍ ሹራብና ዝናብ መከላከያ ጃኬቴን ያገኘሁት ከዚያው ነው። ጃኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ከውስጥ በኩል ስፌቱ በፕላስቲክ ጥብጣብ የተሸፈነ መሆኑን እዩ፤ ጥብጣቡ ከተላጠ ውሃ ያስገባል። ቦርሳ ሲሆን ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ ያለውን፣ ከ50 እስከ 60 ሊትር የሚይዘውን ፈልጉ። ክብደቱ የሚያርፈው የዳሌ አጥንት ላይ መሆን አለበት። ሱቁ ውስጥ አንድ ነገር ሞልታችሁበት አዝላችሁ ተራመዱ፤ ትከሻችሁን ከቆረጠ መልሱት።

ጫማ ግን አትከራዩ። ለሐምሌ የምታስቡ በግንቦት ግዙና ጦሳን ሦስት አራት ጊዜ ውጡበት፣ በተለይ ቁልቁለቱን ውረዱበት። ጣታችሁን ፊት ለፊት የሚመታ ወይም ተረከዛችሁን የሚልጥ ከሆነ እዚሁ ከተማ ሳላችሁ ይለወጣል፤ ከኦልድ ሞሰስ በላይ ጫማ የሚሸጥ የለም።