ጠዋት ጠዋት አልነሳ የሚል ሞተር ያላችሁ የደሴ ሰዎች፣ ለእናንተ ነው

ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሬ በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። እንዲህ ስትሆን ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የደሴን ታኅሣሥ የማያውቅ ሰው «እና ምን ይጠበስ?» ሊል ይችላል። የሚያውቅ ግን ይረዳኛል።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ክትባት የምንሰጠው ከብቱ ለግጦሽ ሳይበተን ስለሆነ ገና ሳይነጋ የበረዶ ሳጥኔን ከኋላ አስሬ፣ በቦሩ ሜዳ አድርጌ ወደ ኩታበር እወጣለሁ። ሜዳው ላይ ውርጩ ሳሩን ዱቄት የተነሰነሰበት አስመስሎት ይጠብቀኛል። ከኅዳር ወዲህ ግን ከግቢ መውጣት አቃተኝ። እረግጣለሁ፣ እረግጣለሁ፣ ዝም። ጎረቤቶቼ በኔ ርግጫ ነበር የሚነቁት። ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሰው ትነሳለች። ገበሬው እስከ 2 ሰዓት ጠብቆኝ ከብቱን ይፈታል። እውነቱን ነው። ክትባቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት፤ የሳጥኑ በረዶ የኔን ሞተር አይጠብቅም።

ያልሄድኩበት መካኒክ የለም። የመጀመሪያው ጋ ስደርስ ቀን 6 ሰዓት ነበር። አንዴ ረገጣት፣ ተነሳች። «እህቴ፣ ሞተሯ ጤነኛ ናት፤ አረጋገጥ ነው ያላወቅሽበት» አለኝ። እዚያ የተቀመጡት ልጆች በሙሉ ሳቁብኝ። ሁለተኛው «ካንዴላ ነው» ብሎ ቀየረ። በማግስቱ ያው። ተመልሼ ስሄድ «ሌላም ነገር አለባት» ብሎ 11 ቀን አስቀመጣት። ስወስዳት የጎን መስታወቷ ሌላ ሆኗል። ያንቺው ነው ብሎ ድርቅ! የራሴን መስታወት አላውቀውም? ልጄ የለጠፈችው ቢራቢሮ ነበረበት እኮ። አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል።

ሦስተኛው ኮምቦልቻ ነው። ሐረጎን ወርጄ ወሰድኳት። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ፣ ሞቃት አገር ነው። እዚያ አድራ ጠዋት በአንድ ርግጫ ተነሳች። «አየሽ፣ ዳነች» ብሎ ብሩን ተቀበለኝ። በማግስቱ ደሴ ላይ ምን እንዳደረገችኝ አልናገርም።

መሃል ላይ ካናዳ ላለው ወንድሜ ብሶቴን ብነግረው ቪዲዮ ላከልኝ። ከጓደኞቹ ጋር ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ወጥቶ፣ ከላይ በረዶ ሆኖ በጠጠረ ወንዝ ላይ ይጋልባል። እናቴ አይታ ጮኸች። «ያ ረቢ! ቦርከናን እንዳይሻገር ስጠብቀው ያደገ ልጅ!» እሱም ሊያረጋጋት በድምፅ አስረዳ። መጀመሪያ በረዶውን በስተው ይለካሉ። ለእግረኛ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ በረዶ ሲበቃ ለእንዲህ ያለ ሞተር ቢያንስ 13 ያስፈልጋል፤ ወንዝ ሲሆን ደግሞ ከሥር የሚሄደው ውሃ ስለሚበላው ከዚያም በላይ ይጠነቀቃሉ። እናቴ የሰማችው «ከሥር ውሃ ይሄዳል» የምትለውን ብቻ ነው። ለኔ የሰጠኝ ምክር ደግሞ «ማታ ማሞቂያ ሶኬት ላይ ሰክተሽ አሳድሪያት» የሚል ነበር። ለስልኬ ያጣሁትን መብራት ለሞተር!

እንዲህ ሆኜ ነው አንድ ባልደረባዬ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የላከኝ። ማታ 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሞተሯን አልነኳትም።

«መቼ መቼ ነው የምታምፅብሽ?»

«ጠዋት ጠዋት ጋሼ።»

«ታዲያ ጠዋት የሚያመውን ሰው ማታ ብመረምረው ምን አገኝበታለሁ? ውሰጃትና ደጅ ትደር። እኔ እመጣለሁ። አብሽሪ ልጄ።»

ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም። በማግስቱ ገና 12 ሰዓት ሲል በራችን ተንኳኳ። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል። መቀመጫዋ ላይ ውርጭ ነበር። መዳፋቸውን አሳረፉበትና «እስቲ ርገጪ» አሉኝ። ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ሦስት ጊዜ ረገጥኩ። «በቃ፣ ሰማኋት» አሉ። ከዚያ ያደረጉትን አትጠይቁኝ፤ አላውቀውም። የማስታውሰው ከካርቡራተሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቢጫ ነገር አውጥተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ጎሁ ብርሃን ማየታቸውን ነው። «ይቺ ቀዳዳ ትታይሻለች?» አሉኝ። ምንም አልታየኝም። እሳቸውም «እኮ፣ መታየት ነበረባት» ብለው ከኬብል የመዘዟትን አንዲት ቀጭን ክር አሳልፈው እፍ አሉባት። ጣቶቻቸው በብርድ ደንዝዘው መፍቻውን ሁለት ጊዜ ጣሉት። እናቴ ቡና ስታፈላ ሞተሯ ተነሳች።

እንደዚያ በብርድ ተነስተው መጥተው የጠየቁኝ 200 ብር ነው። ልጨምር ስል ተቆጡኝ። «ካንዴላሽም ደህና ነበር» ከማለት በቀር ስለሌላው መካኒክ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። በሳምንቱ ሳልጠራቸው በበራችን ሲያልፉ «እንዴት አደረች?» ብለው ጠየቁ። ያደረችው ሞተሯ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

ሞተር ያላችሁ፣ ባጃጅ ያላችሁ፣ ኧረ እባካችሁ ሌላ ቦታ ብራችሁን አትበትኑ። እሳቸው ጋ ሂዱ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እጠቁማችኋለሁ። ግን ማታ ሄዳችሁ «አሁኑኑ ይሥሩልኝ» እንዳትሏቸው።

ያን ዕለት ቡናው ላይ የወንድሜን ቪዲዮ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት። በወንዙ ይደነቃሉ ብለን ስንጠብቅ «ይሄ ልጅ ጠዋት እንዴት ነው የሚያስነሳት?» አሉ። የሶኬቱን ነገር ነገርኳቸው። «እሺ፣ ዘይቱስ? በዚያ ብርድ ምን ዓይነት ዘይት ነው የሚያደርጉላት?»

ወንድሜ አያውቅም፤ ሠሪዎቹን እጠይቃለሁ ካለ ቆየ። ወንድም ዓለም፣ ይህን ካነበብክ ቶሎ መልስ። ሰውዬው ባገኙኝ ቁጥር እየጠየቁኝ ነው።